በፌርፋክስ ፍርድ ቤት የትራፊክ መስኮት ላይ ለሚሠሩት እናት ምስጋናዬ ይድረስልኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላገኘሁም። ቼይን ብሪጅ ሮድ ላይ ባለው የፌርፋክስ ካውንቲ ጄነራል ዲስትሪክት ኮርት፣ የትራፊክ ጉዳይ መስኮት ላይ የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አደባባይ አላወጣውም። ግን እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ታናሽ ወንድሜ ዛሬ መኪናውን አቁሞ ቤት ይቀመጥ ነበር።

ወንድሜ ሰው በማመላለስ ነው የሚተዳደረው። የእኛ ሰው እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ምን ያህሉ በመሪ እንደሚኖር ታውቁታላችሁ። የቤት ኪራዩም፣ አገር ቤት ለእናታችን የሚላከውም ከዚያች መኪና ነው የሚወጣው። ከተፈቀደው በ14 ማይል አልፈሃል ተብሎ ቲኬት ተሰጠው። ያን ጊዜ አንድ «ቲኬት አስነሳለሁ» የሚል ሰው አገናኙን። ሰውዬው ገንዘቡን ተቀበለ፣ የቲኬቱን ወረቀትም ወሰደ። «አታስብ፣ ኮርት መቅረብም አያስፈልግህም፣ በእኔ ጣለው» አለው። ወንድሜም አምኖ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ የሚሠራበት ድርጅት የመንጃ ሪከርዱን ሲያጣራ ጥፋት አገኘበትና ሥራው ታገደ። ኢንሹራንሱም ጨመረ። ሰውዬው ጋ ስንደውል ስልክ አያነሳም። በኋላም ቁጥሩ ጭራሽ አልሠራ አለ። ኢንሹራንስ ድርጅቱ ዘንድ ስንጠይቅ «ሲስተሙ ነው የጨመረው» ከማለት ውጪ መልስ የለም። የመንጃ ሪከርድ እናወጣለን የሚል ድረ ገጽ ካርዳችንን ተቀብሎ የማናውቀውን ሰው ታሪክ ላከልን። ወረቀቱን ሰውዬው ስለወሰደው በየትኛው ፍርድ ቤት እንደተከሰሰ እንኳ በእጃችን ማስረጃ የለም። መጀመሪያ የሄድንበት ፍርድ ቤት ደግሞ ቀና ብሎ ያየን ሰው አልነበረም። «እዚህ የለም። ቀጣይ!» በቃ፣ ይኸው ነው። የት ሊሆን ይችላል ስል መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ከኋላዬ ያለውን ሰው መጥራት ጀምራለች። ያን ቀን መኪና ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ። ወንድሜ እኔን ያባብላል፣ የተበደለው እሱ ሆኖ!

ፌርፋክስ የደረስነው መስኮቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። እንደለመድነው ነገ ኑ የሚሉን መስሎኝ ነበር። እኚህ እናት ግን የወንድሜን ላይሰንስ ተቀብለው ስሙን ፊደል በፊደል እያዩ ጻፉ። አልወጣም። እንደገና ጻፉ፣ አልወጣም። ከዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወንድሜን አዩትና «የትኛው ነው ያንተ ስም፣ የትኛው የአባትህ?» አሉት። ነገራቸው። ሁለቱን ስሞች ቦታ አቀያይረው ጻፉት። ፋይሉ ወጣ!

ወገኖቼ፣ ይህች ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስማችን ከአባት ስም ጋር ተገለባብጦ ሲገባ በፍለጋ አንገኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ስንፈልግ የነበረው ፋይል እዚያው ነበር፤ ተገልብጦ። አንድ ሰው ቆም ብሎ ስለ ስማችን መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረው። እሳቸው ጠየቁ።

ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዙረው በጣታቸው አሳዩን። በሌለበት ጥፋተኛ ተብሏል። ያ ሰውዬ ከነጭራሹ እዚያ አልደረሰም። ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድልኝም። ቀኑን ግን ላሳይህ» አሉት። የፍርዱን ቀን አሳዩት፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር። ቨርጂኒያ ውስጥ ፍርድ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንደገና ይታይልኝ ብሎ በቂ ምክንያት ማቅረብ ይቻላል። ወደ ሰርኪዩት ኮርት፣ ማለትም ወደ በላይኛው ፍርድ ቤት፣ ይግባኝ ለማለት ደግሞ ያለው 10 ቀን ብቻ ነው። ይግባኙ አልፎናል። 60ው ቀን ግን አልሞላም ነበር።

ፎርሙን ሰጡን። በቢጫ ወረቀት ላይ የመዝገብ ቁጥሩንና መጨረሻውን ቀን በትልልቁ ጽፈው ከቀኑ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ያ ወረቀት እስካሁን የወንድሜ ቦርሳ ውስጥ አለ። በዚህም አላበቁም። «ችሎት ላይ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚመችህ?» አሉት። አማርኛ አለ። ፍርድ ቤቱ በትራፊክ ክስ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንደሚያቀርብ የሰማነው ያኔ ነው። መስኮቱ የሚዘጋበት ሰዓት አልፏል፣ ሌሎቹ ቦርሳቸውን ይዘው እየወጡ ነው፣ እሳቸው ግን ወንድሜ ፎርሙን ሞልቶ እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁ። ስንወጣ «ቀኑን አትርሳ» ብለው ደገሙለት። እናት ይሏል እንዲህ ነው!

ዳኛው ምክንያቱን ሰምተው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ፈቀዱ። በቀጠሮው ወንድሜ በአማርኛ ተናገረ፤ አስተርጓሚዋም ጥርት አድርጋ አስተላለፈችለት፣ እሷንም አመሰግናለሁ። የ8 ሰዓቱን የአሽከርካሪ ማሻሻያ ትምህርት ጨርሶ ሰርተፊኬቱን ሲያመጣ ክሱ ተሰረዘለት። የሁሉም ሰው ጉዳይ እንዲህ ያልቃል አልልም፤ እሱ የዳኛው ፈንታ ነው። የእኛ ግን አለቀልን፣ ተመስገን። ወንድሜ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ዲኤምቪ፣ ማለትም የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ ለጥፋት ስለሚይዘው ፖይንት አሠራር ብዙው አልገባኝም፣ የገባኝን ግን ልንገራችሁ። የወንድሜ ዓይነቱ፣ ከ10 እስከ 19 ማይል ማለፍ፣ 4 ፖይንት ያስይዛል። ፖይንቱ 2 ዓመት ይቆጠራል፣ ጥፋቱ ራሱ ግን ዲኤምቪ ሪከርድ ላይ 5 ዓመት ይቆያል። በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም የትም ቢሆን ከ85 ማይል በላይ መንዳት ሪክለስ፣ ማለትም በግድየለሽነት መንዳት፣ ሊባል ይችላል። እሱ ቲኬት ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው፤ 6 ፖይንት ይዞ 11 ዓመት ሪከርድ ላይ ይቀመጣል። ልጆቻችሁን ንገሯቸው! ጥፋት የሌለበት ዓመት ደግሞ አንድ አንድ ጥሩ ፖይንት ይጨምራል፣ እስከ 5።

ሌላው፣ ቲኬቱን ኦንላይን ከፍሎ መገላገል ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። መክፈል ማለት ግን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ መፈረም ነው፤ ሪከርድ ላይ ይገባል። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ የተቀጣችሁትም እዚያው አይቀርም፣ ስቴቶቹ ይነጋገራሉ። በካሜራ የሚመጣው የፍጥነት ቅጣት ግን ፖይንት የለውም፣ እሱን ከፖሊሱ ቲኬት ጋር እያምታታችሁ አትጨነቁ።

ወረቀት የጠፋባችሁ ደግሞ ለማንም አትክፈሉ። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች የመዝገብ መፈለጊያ ድረ ገጽ ነፃ ነው። ስማችሁን ላይሰንሱ ላይ እንደተጻፈው ሞክሩ፣ ካልወጣ ገልብጡት። አድራሻም እንዳያታልላችሁ። አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች የሚል አድራሻ ያለው ብዙ ሰፈር ከከተማው ወጥቶ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው ያለው፤ ፍርድ ቤቱም እንደዚያው። ከዲኤምቪ ሪከርድ ስትጠይቁም ለምን እንደፈለጋችሁት ተናገሩ፣ ለሥራ የሚወጣውና ለኢንሹራንስ የሚወጣው አንድ አይደለም።

«አስነሳለሁ» የሚላችሁ ሰው ጠበቃ ካልሆነ ዳኛ ፊት ስለ እናንተ መቆም አይችልም። ጠበቃ ነኝ ካለም ስሙን በቨርጂኒያ ስቴት ባር፣ ማለትም ጠበቆች በሚመዘገቡበት መሥሪያ ቤት፣ ድረ ገጽ ላይ አይታችሁ አረጋግጡ። ወረቀታችሁን ለማንም አትስጡ። ኮፒ አድርጉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ዋናው ከእጃችሁ አይውጣ።

እኔ ለፍርድ ቤቱ ኃላፊ የምስጋና ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለሠራተኛ ቅሬታ እንጂ ምስጋና የሚጽፍ ጥቂት ነውና እናንተም እዚያ መስኮት ላይ ደህና ሰው ከገጠማችሁ አንድ መስመር ጻፉላቸው። ፌርፋክስ ጉዳይ ያላችሁ ሂዱ፣ ሳትፈሩ ጠይቁ፣ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ከቀጠሮው ቀን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኚያን እናት እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ልጆቻቸውን ይባርክላቸው። ቲኬት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡና የችሎቱን ቀን እዩት።