የአንድ ዓመት የጡረታ ጉዞ ለሁለት፦ የራስ ነጥብ፣ ልውውጥ፣ የሰው ነጥብ ወይስ ወርሃዊ ኪራይ?

ታይምሼር፣ ማለትም በሪዞርት ውስጥ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ የማረፍ መብት ገዝቶ የጥገና ክፍያ መክፈል፣ የተፈጠረው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ለሚያርፍ ሰው ነው፤ ዓመት ግን 52 ሳምንት አለው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ዓመቱን ሙሉ በነጥብ (ክለቡ በየዓመቱ ለአባሉ በሚሰጠው የክፍል መያዣ መቁጠሪያ) ለመኖር ሲነሡ የሚያደናቅፋቸው ነገር አብዛኛው ከዚህ አለመመጣጠን ይመጣል። አራቱን መንገዶች ከዚህ በታች ያነጻጸርነው የትኛው ለየትኛው ሳምንት እንደሚያዋጣ ለመለየት ነው።

የራስ ነጥብ

ሂሳቡ ይቅደም። የዓመቱን የጥገና ክፍያ ለዓመቱ ነጥብ አካፍሉት፤ የአንድ ነጥብ ዋጋ ይወጣል። በዓመት 12,000 ነጥብ ኖሯችሁ 1,440 ዶላር የምትከፍሉ ከሆነ፣ የመግዣውን ገንዘብ ትተን፣ አንዱ ነጥብ 0.12 ያወጣል ማለት ነው። ባለ አንድ መኝታ ክፍል እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ለሳምንት 4,000 ነጥብ ቢጠይቅ አንድ አዳር ወደ 69 ይጠጋል። በጭር ወቅት 2,000 ቢጠይቅ ወደ 34 ይወርዳል። ይህን ይዛችሁ ያው ክፍል በዚያው ሳምንት በገበያ ስንት እንደሚከራይ እዩ። ብዙ ጊዜ በግርግር ወቅት ነጥቡ በጣም ያዋጣል፤ በጭር ወቅት ግን ኪራዩ ከጥገና ክፍያው ሲያንስ ይታያል። ነጥብን በጭር ወቅት መጨረስ፣ እንግዲህ፣ ውድ ዕቃን በርካሽ እንደ መሸጥ ነው።

ብዙዎች የሚተማመኑበት ዘዴ የሦስት ዓመት ነጥብ በአንድ ዓመት ላይ መሰብሰብ ነው፦ ያለፈውን ዓመት ማሳደር፣ የዘንድሮውን መጨመር፣ የከርሞውን መበደር። ይቻላል፤ ደንቡ ግን ጥብቅ ነው። በዲስኒ ቫኬሽን ክለብ፣ በዲስኒ ኩባንያ የታይምሼር ክለብ፣ ነጥብ የሚያድረው በአጠቃቀም ዓመቱ (ነጥቡ ከተሰጠበት ወር ጀምሮ በሚቆጠረው ዓመት) የመጀመሪያ 8 ወራት ውስጥ ከተጠየቀ ብቻ ነው፤ አንዴ ያደረ ነጥብ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አያድርም። ከላይ ባለው ምሳሌ ሦስቱ ዓመታት 36,000 ነጥብ ይሰጣሉ። ይህ በግርግር ወቅት 9 ሳምንት፣ በጭር ወቅት 18 ሳምንት ነው። ሁሉንም በጭር ወቅት ብትጠቀሙት እንኳ 34 ሳምንት ባዶ ይቀራል፤ የከርሞው ነጥብ ቢያልቅም የከርሞው የጥገና ክፍያ አይቀርም።

ቦታ የመያዣ ጊዜውም ወሳኝ ነው። ዲስኒ ለገዛችሁበት ሪዞርት ከ11 ወር በፊት፣ ለሌሎቹ ከ7 ወር በፊት ይከፍታል። ሌላው የታይምሼር ክለብ፣ ክለብ ዊንድሃም፣ ደግሞ ለራስ ሪዞርት 13 ወር፣ ለሌላው 10 ወር ይሰጣል። ስለዚህ ዕቅዱ ከመነሻው ቀን ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። በብዙ ክለቦች ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ብዙ ነጥብ ስለሚበሉ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉትን አምስት አዳሮች ብቻ መያዝ ይቆጥባል። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ ሻንጣ መሸከም ለዓመት የሚቻል ነገር አይደለም፤ የጽዳት ድርሻ (በዓመት የሚፈቀደው የክፍል ጽዳት መጠን) ለብቻ በሚቆጠርባቸው ክለቦች ደግሞ የተቆራረጠ ቆይታ ድርሻውን ቶሎ ይጨርሳል።

ልውውጥ

ልውውጥ ማለት የራስን ሳምንት ወይም ነጥብ ሰጥቶ በሌላ ክለብ ሪዞርት ማረፍ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አርሲአይና በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል የታወቁት የልውውጥ ድርጅቶች ናቸው። ጥቅማቸው ክለባችሁ ወደሌለበት አገር ማድረሳቸው ነው። ግን የአባልነት ክፍያ አለ፤ በእያንዳንዱ ልውውጥ ላይም ሌላ ክፍያ ይታሰባል፤ ሃያ ጊዜ ስትለዋወጡ ሃያ ጊዜ ትከፍላላችሁ። ሌላው ችግር የመግቢያ ቀን ነው። አንዱ ሪዞርት ዓርብ፣ ሌላው እሑድ ያስገባል፤ በመካከል የሚቀሩት ሁለት አዳሮች ሆቴል ያስፈልጋቸዋል። በአርሲአይ በኩል የሚገኙ አንዳንድ ሪዞርቶች አንድን እንግዳ በአራት ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቀበሉም፤ እዚያው ተመልሳችሁ ለመክረም ካሰባችሁ ይህን አስቀድሙ።

ልውውጥ ጥሩ የሚሆነው ለማይቸኩል ሰው ነው፤ ጡረተኛ ደግሞ ጊዜ አለው። ኢንተርቫል መግቢያው 59 ቀን ሲቀረው ጀምሮ እስከ ዋዜማው ድረስ የተረፉ ክፍሎችን ላላ ባለ ደንብ ይለቃል። ለዚህ ሲባል በዓመቱ ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሆን ብሎ ክፍት መተው ያዋጣል።

የሰው ነጥብ መከራየት

ምንም ነጥብ ለሌላቸው ይህ ከመግዛት ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ለአንድ ዓመት ብሎ የዕድሜ ልክ ክፍያ መግባት ከሂሳብ ጋር አይገጥምም። ባለቤቱ በነጥቡ ቦታ ይይዛል፣ የእናንተን ስም በእንግድነት ያስገባል፣ እናንተ ለነጥቡ ትከፍላላችሁ። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ቦታው የባለቤቱ ስለሆነ እሱ የጥገና ክፍያውን ካልከፈለ ሊሰረዝ ይችላል። ማረጋገጫ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ሪዞርቱን ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ክፍያውን በሁለት ከፍላችሁ ሁለተኛውን ስማችሁ ከገባ በኋላ ስጡ። ገንዘብ ተመላሽ የማይሆንበት ኪራይ ስለሚበዛ የጤና ነገር ለሚያሳስባቸው የጉዞ ስረዛ ኢንሹራንስ የግድ ነው።

ወርሃዊ ኪራይ

ስለ ወርሃዊ ኪራይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጭር ያለውን ወቅት የሚሞላው ይህ ነው፤ የወር ዋጋ ከአራት ሳምንት ዋጋ ድምር ያንሳል፤ ቤቱም ቤት ይመስላል። ገንዳና መስተንግዶ ግን አትጠብቁ።

የግድ መግዛት ካማራችሁ

ከሻጩ ድርጅት ሳይሆን ከቀድሞ ባለቤት መግዛት በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ግን ገደብ አለው። ከጃንዋሪ 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሁለተኛ እጅ የተገዛ የቀድሞዎቹ የዲስኒ ሪዞርቶች ነጥብ እንደ ሪቪዬራ ባሉ አዳዲስ ሪዞርቶች ክፍል አያስይዝም። ሻጩ የከርሞውን ነጥብ አስቀድሞ ተበድሮ በልቶት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ርካሽ የሚመስለው ውል ብዙ ጊዜ ባዶ ውል ነው። የሚያልቅበትን ቀንም እዩ፤ ብዙዎቹ የቆዩ የዲስኒ ውሎች በ2042 እ.ኤ.አ. ያበቃሉ፤ ማብቂያ የሌላቸው የሌሎች ክለቦች ውሎች ግን ለልጆች ዕዳ ሆነው ሊያልፉ ይችላሉ። ከሻጩ ድርጅት ገዝታችሁ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ በአውሮፓ ኅብረት 14 ቀን፣ በፍሎሪዳ 10 ቀን የመሰረዣ ጊዜ አለ፤ ስረዛው በጽሑፍ፣ የተላከበት ማስረጃ ባለው መንገድ ይሁን።

ዓመቱን ለመደልደል

ቪዛ ከነጥብ ይቅደም። የአጭር ጊዜ ጎብኚ በሸንገን አካባቢ (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ባነሱት የአውሮፓ አገሮች) ከማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ስለሚቆይ፣ ስድስት ወር አውሮፓ ብሎ ነጥብ መያዝ አደጋ ነው። አሜሪካዊ ጡረተኞች ደግሞ ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ ከአገር ውጭ በአብዛኛው እንደማይከፍል ያስቡበት። ከዚያ በግርግር ወቅት የሚውሉትን ሳምንቶች በራስ ነጥብ ያዙ፤ ረጃጅሙን ጭር ወቅት በወርሃዊ ኪራይ ሙሉ፤ ቀሪውን ለልውውጥ ተዉ።

የክፍል መጠን ላይ አትሳሳቱ። ስቱዲዮ፣ መኝታው ከሳሎኑ ያልተለየ ክፍል፣ ለሳምንት ያዝናናል፤ በሦስተኛው ወር ግን አንዱ ሲተኛ ሌላው መብራት ማጥፋት ይሰለቸዋል። ባለ አንድ መኝታ፣ ሙሉ ወጥ ቤትና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ክፍል ተጨማሪ ነጥቡን በምግብና በልብስ እጥበት ወጪ ይመልሳል። የጥገና ክፍያውንም ከመነሳታችሁ በፊት በቀጥታ ከባንክ እንዲቆረጥ አድርጉ፤ መንገድ ላይ ሆናችሁ ቀኑ ካለፈ አካውንቱ ይቆለፋል፣ የያዛችኋቸውም ቦታዎች ሊታገዱ ይችላሉ።