የአሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር በርና ቁልፍ፦ ይጠገን፣ ያገለገለ ይገዛ ወይስ አዲስ ኮፒ?

ሱሉልታ ነው የምኖረው። ክረምት ላይ ሜዳው ውሃ ያቁራል። በጋ ላይ ደግሞ ከዋናው አስፋልት ወጣ እንዳላችሁ አቧራው ይቀበላችኋል። ኅዳር ሲገባ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ጠዋት የመኪናው በር ከዙሪያው ጎማ ጋር ተጣብቆ ይጠብቃችኋል። የአሮጌ መኪና በር የሚጨርሱት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ስለዚህ "የቱ ይሻላል?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ የምመልሰው ለዚህ አየርና ለዚህ መንገድ የሚሻለውን ነው።

እኔ ያለኝ 40 ሲሪዝ ላንድክሩዘር ነው። አጎቴ ሲሪዝ 3 ላንድሮቨር አለው። የሁለቱንም በሮች አብረን ስንፈታና ስንገጥም ዓመታት አልፈዋል። ሦስቱንም መንገድ ሞክረናል፤ ያለውን አስጠግነናል፣ ያገለገለ ገዝተናል፣ አዲስ ኮፒም (ኦሪጅናሉን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ) ገጥመናል። መልሱ ለሁለቱ መኪኖች አንድ አይደለም፣ ለበሩና ለቁልፉም አንድ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቁልፍ ልትገዙ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ጋ፣ ከመውረዳችሁ በፊት በሩ የሚንጠለጠልበትን ማጠፊያ እዩ። ይህን ያስተማሩኝ አንድ በዕድሜ የገፉ የባትላሜራ ባለሙያ ናቸው። የመኪናዬ በር ካልተደበደበ አልዘጋ ይላል፣ ተዘግቶም ጉድጓድ ስንገባ ይከፈታል። "ጋሼ፣ ቁልፉን ልቀይረው ነው" አልኳቸው። ምንም ሳይሉ በሩን ግማሽ ድረስ ከፈቱት፣ ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ አነሱት። ቀጭ ቀጭ አለ። "ልጄ፣ ቁልፉ ምን በደለህ? በሩ እኮ ወድቋል" አሉኝ።

የማጠፊያው ፔርኖ (መሃሉ ላይ የሚገባው ዘንግ) ሲበላ በሩ ወደ ታች ይወርዳል። መቀርቀሪያው ቋሚው ላይ ካለው መያዣ ጋር መገናኘት ያቅተዋል። ጥቂት ሚሊሜትር ይበቃዋል። አዲስ ቁልፍ ብትገጥሙለት እሱም እየተፋተገ በወራት ውስጥ ይበላል። እኔ ፔርኖውንና እሱ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ቦኮላውን፣ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ስለነበር ፔርኖው በትንሹ ወፈር እንዲል ተደረገ፣ በሩ ተነሳ፣ ያ "የተበላሸ" ቁልፍ እስከ ዛሬ አለ። ወጪው ከአንድ ያገለገለ መቀርቀሪያ ዋጋ ያነሰ ነበር። 40 ሲሪዝ ላይ ማጠፊያው ውጭ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው፣ ብቻ ትልልቆቹን የመስቀል ካቻቢቴ ብሎኖች ተጠንቀቁላቸው። ዝገት ይዟቸው ይቆያል። በጉልበት ከዞሩ ጭንቅላታቸው ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው በትራፓኖ መብሳት ነው። ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሯቸው፣ በማግሥቱ በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ዓይነት ካቻቢቴ ተጠቀሙ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ።

ላንድክሩዘሩና ላንድሮቨሩ ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። በራቸው ግን ከመሠረቱ ይለያያል። ላንድሮቨር በፈረንጆቹ 1948 ሲወጣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ማለቁ ነበር፣ እንግሊዝ አገር ብረት እጥረት ነበረ፣ ስለዚህ አካሉን በአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። በሩም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ የብረት ፍሬም፣ ላዩ የአሉሚኒየም ላሜራ። የላንድሮቨር ሲሪዞቹ ላይ የመስኮቱ ክፍል ለብቻው ነው፣ ከታችኛው በር ላይ በዳዶ ይታሰራል። ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው 40 ሲሪዝ ላንድክሩዘር ግን በሩ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው።

ይህ ልዩነት ስትገዙም ስታስጠግኑም ይከተላችኋል። ላንድክሩዘር ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። በበሩ የታችኛው ጫፍ ላይ ቀስ እያላችሁ አስኪዱት። ሲይዝ ሲይዝ ቆይቶ ድንገት ከለቀቀ እዚያ ጋ ያለው ስቱኮ፣ ማለትም ከቀለም በፊት ጎድጓዳ የሚሞላበት ሊጥ፣ ነው። ላንድሮቨሩ ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ አሉሚኒየም ማግኔት አይስብም። እዚያ በጣት አንኳኩት፣ ስቱኮ ያለበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ የበሩን የታችኛውን እጥፋት በጥፍራችሁ ፈልቀቅ አድርጉ። ነጭ ዱቄት ከወጣ አሉሚኒየሙ ብረቱን እየነካ እየተበላ ነው። ሁለቱ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ካገኙ አሉሚኒየሙ ነው የሚከፍለው።

ብረቱ በር የሚዝገው ደግሞ ከውስጥ ነው፣ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዝናቡ በመስኮቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ታች የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ፣ እኛ ጋ ግን በጋውን ሙሉ የገባው አቧራ የክረምቱን ውሃ ሲያገኝ ጭቃ ይሆንና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ውሃው ይተኛል። ላዩ ላይ ቀለሙ ፊኛ ሲሠራ ስታዩ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። እኔ የግራውን በር ስፈታ ከውስጡ በእጄ የዘገንኩት ጭቃ አንድ ጣሳ ሞልቷል።

ማስጠገን ወይስ ያገለገለ በር?

ለላንድክሩዘር የታችኛው ጫፍ ብቻ ከሆነ የተበላው፣ አስጠግኑ። ግን አሠራሩን ቆማችሁ እዩ። እኔን አንድ ጋራዥ ዝገቱን ሳይቆርጥ በላዩ ስቱኮ ለጥፎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ አሳምሮ ሰጠኝ። ሐምሌ ላይ አስረከበኝ፣ ጥር ላይ ስቱኮው እንደ ዳቦ ቅርፊት ተላቆ ወደቀ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ዝገቱ እጥፍ ሆኗል፣ መጀመሪያ ሊተርፍ ይችል የነበረው ላሜራም አብሮ ሄደ። ትክክለኛው ሥራ የዛገውን ቆርጦ ማውጣት፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ላሜራ መቅረጽ፣ ከዚያ መበየድ ነው። ብየዳው ሲኦቱ (በጋዝ ታግዞ በቀጭን ሽቦ የሚበየደው) ይሁን። ኤሌክትሮዱ ስሱን ላሜራ ይበሳዋል፣ የኦክስጅኑ ሙቀት ደግሞ ሰፊ ቦታ ስለሚያሞቅ በሩ ይጎብጣል። በሲኦቱም ቢሆን ነጠብ ነጠብ እያደረጉ፣ ቦታ እየቀያየሩ፣ እያቀዘቀዙ ነው። ሲያልቅ ከውስጥም ከውጭም አንቲሩጂኔ (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባል። "ከውስጥ ማን ያየዋል?" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ዝገቱ ማጠፊያው የሚታሰርበት ወይም መቀርቀሪያው የሚቀመጥበት ቦታ ድረስ ከደረሰ ግን ለእኔ ያገለገለ ኦሪጅናል በር ይሻላል። እዚያ ላይ የተበየደ ነገር ክብደቱን አይሸከምም፣ ትንሽ ቆይቶ በሩ እንደገና ይወርዳል።

ያገለገለ በር ሶማሌ ተራ ላይ ተፈልጎ አይጠፋም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። አሮጌውን እጀታ ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የተመረተበት ዓመት ሲለያይ የእጀታው ቀዳዳ ላይገጥም ይችላል፣ ሻጩ "ይገጥማል" ይላችኋል፣ እናንተ ግን እዚያው አስገብታችሁ ሞክሩ። የቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ እንዳለውም እዩ። በሩን ጠፍጣፋ መሬት ላይ አስተኝታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ፤ አንዱ ጥግ ከተነሳ ከተጋጨ መኪና የወጣ ነው፣ ቋሚው ላይ መቼም እኩል አይቀመጥም። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ጋ አትግዙ፣ ከሰው መኪና ላይ የተፈታ ዕቃ ይዛችሁ ችግር ውስጥ እንዳትገቡ።

ላንድሮቨሩ ላይ ምርጫው ሌላ ነው። አሉሚኒየሙን እንደ ብረት መበየድ አይቻልም። 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሊቀልጥ ሲልም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ባለሙያው ገና እያሞቅኩ ነው ሲል ተንጠባጥቦ ያልቃል። ቲግ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ያም በየሰፈሩ የለም። ስለዚህ አጎቴ በሩን አላስበየደም። እጥፋቱን ከፍቶ ላሜራውን አወጣ፣ የዛገውን የብረት ፍሬም ብቻ አስበየደ፣ ቀለም ቀባው፣ ከዚያ ሁለቱ በሚነካኩበት ጠርዝ ሁሉ ቀጭን የጎማ ጥብጣብ አስገብቶ መልሶ አጠፈው። የሦስት ቅዳሜ ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነጩ ዱቄት አልተመለሰም። ላሜራው እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ ግን አትልፉበት፣ ያገለገለ ፈልጉ። ደስ የሚለው ነገር፣ የላይኛው የመስኮት ክፍል ብቻ ከዛገ (ብዙ ጊዜም ቀድሞ የሚዝገው እሱ ነው) እሱን ለብቻው መግዛት ይቻላል። ላንድክሩዘር ላይ ይህ ዕድል የለም።

ቁልፉስ?

"ቁልፍ ተበላሸ" ስንል ሦስት ዕቃ ነው የምንቀላቅለው። ውጭ ያለው እጀታ፣ ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደር፣ ውስጥ ያለው መቀርቀሪያ። የቱ እንደታመመ ሳታውቁ ሙሉውን አትግዙ።

መቀርቀሪያው ከሆነ፣ ኦሪጅናሉን አጥባችሁ መልሱ። ይህን ያለ ማመንታት ነው የምለው። ፈታችሁ አውጡት፣ ናፍጣ ውስጥ አሳድሩት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። የሚወጣው ጥቁር ጭቃ የሃያና የሠላሳ ዓመት ግራሶና አቧራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ደህና ነው፣ የደከመው ሞላው ነው። ሞላው በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። አዲስ ኮፒ መቀርቀሪያ አንድ ጊዜ ገጥሜ ነበር፣ ከሳጥኑ ሲወጣ ያበራል፣ ግን ጥርሱ ለስላሳ ነበርና ዓመት ሳይሞላው ተሸረፈ። ያገለገለ ኦሪጅናል ካገኛችሁ ከአዲስ ኮፒ አስቀድሙት።

ሲሊንደሩ ላይ ግን ነገሩ ወደ መሃል ይመጣል። ውስጡ ትንንሽ የነሐስ ሳህኖች አሉ፣ እያንዳንዳቸው በሞላ ይገፋሉ፣ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም እኩል ይሰለፋሉ። ቁልፉ ካረጀ ጥርሱ ይበላል፣ ሳህኖቹም አይሰለፉም። ብዙ ሰው ያን የተበላ ቁልፍ ይዞ ቁልፍ ቀራጭ ጋ ይሄድና ኮፒ ያስደርጋል፣ ኮፒው ደግሞ ስሕተቱን ጨምሮ ይወርሳል። አሮጌ ሲሊንደር ወይም ቁልፉ ራሱ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። ካለ በቁጥሩ የሚቀርጽላችሁ ፈልጉ። ከሌለ ጎበዝ ቁልፍ ሠሪ ሲሊንደሩን ፈቶ ሳህኖቹን ለክቶ አዲስ ቁልፍ ያወጣለታል። ሲሊንደሩ ራሱ ከተሰበረ ኮፒ መግዛት ነውር የለበትም፤ ዓይነቱ አንድ ከሆነ የድሮውን ሳህኖች ወደ አዲሱ አስዛውሩ፣ አለዚያ አንድ ቁልፍ ለበር፣ አንድ ቁልፍ ለሞተር ይዛችሁ ልትዞሩ ነው።

ሲሊንደር ውስጥ ግራሶ ወይም የሞተር ዘይት አትጨምሩ። በእኛ አቧራ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሊጥ ይሆናል። የእርሳስ ውስጡን ፍቃችሁ ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ነስንሱና ደጋግማችሁ አስገቡ፣ አውጡ። ግራፋይት ነው፣ ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይዝም። ግራሶው ለመቀርቀሪያውና ለማጠፊያው ይሁን፣ እሱም በጣም ትንሽ።

የውጭ እጀታ ላይ አዲስ ኮፒ ግዙ። ኦሪጅናሉ ተወድዶ፣ ያገለገለው ደግሞ ኒኬሉ ተላጦ ነው የሚገኘው፣ ሥራውም ቀላል ስለሆነ ኮፒው ይችለዋል። ስትገዙ የመጫኛውን ሞላ ሃያ ጊዜ ያህል ተጭናችሁ ሞክሩ፣ ሲመለስ ከዘገየ ሌላውን አንሱ።

የበሩ ዙሪያ ጎማም አዲስ ይሁን፣ ያገለገለ ጎማ በፍጹም አይገዛም፣ የአንዱን በር ቅርጽ አንዴ ይዟል። ብቻ ወፍራሙ ይበልጣል ብላችሁ አትውሰዱ። በጣም ከወፈረ በሩን ወደ ውጭ እየገፋ መቀርቀሪያውን ያስጨንቀዋል፣ ከዚያ "ቁልፉ ተበላሸ" ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ሲገጠም አንድ አሥር ብር በበሩና በጎማው መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። በሁሉም ቦታ ያዝ አድርጎ መውጣት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ አልወጣ ካለ ጎማው እዚያ ጋ በዝቷል፣ ሌላ ቦታ ላይ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ ደግሞ በሩ ገና አልተስተካከለምና ወደ ማጠፊያው ተመለሱ። ሰኔ ሳይገባ ብትጨርሱት ጥሩ ነው፣ እርጥብ በር ላይ የተቀባ ቀለም አይቆይም።