ከጥብሱ በፊት ሾርባው፦ አሞራ ገደል አጠገብ ያለ ዓሣ ቤት

ዓሣ ቤት የሚመዘነው በሾርባው ነው ብዬ ስከራከር ሐዋሳ ያሉ ዘመዶቼ ይስቁብኛል። ለእነሱ ሾርባ ጥብሱ እስኪደርስ ድረስ እጅ ማቆያ ነው። በኩባያ ይመጣል፣ ወሬ እየተወራ ይጠጣል፣ ማን እንደሠራው የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው ደቡብ ሃንጋሪ ውስጥ፣ ቲሳ ወንዝ ዳር ባለችው ሴጌድ ከተማ ነው፤ እዚያ በዓሣ ሾርባ ምክንያት ሰው ከሰው ይኳረፋል። ለክረምት እረፍት ስመጣ ይህንኑ አመል ይዤ መጣሁና በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አካባቢ ዓሣ ቤቶች በሾርባቸው መለካት ጀመርኩ። ከሁሉም የበለጠብኝ ከዓሣ ገበያው ወጣ ብሎ ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የፕላስቲክ ወንበር እንጂ ሌላ ጌጥ የሌለው ቤት ነው። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አልሰቀለም፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን በር ፈልጉ።

ሾርባው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ወፍራም ነው፤ ዱቄት ግን አልነካውም። ውፍረቱ ከዓሣው ከራሱ የመጣ መሆኑ ገና በመጀመሪያው ጉንጭ ይታወቃል፤ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ወጥ ቤቱን የያዙትን እናት ጠየቅኋቸው፤ ሳይሰስቱ ነገሩኝ። ጠዋት ለጉላሽ ሥጋው የተገፈፈው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጭንቅላቱና አጥንቱ አይጣልም። ከብዙ ቀይ ሽንኩርት ጋር ረጅም ሰዓት ይቀቀላል፤ ከአጥንቱ ላይ የቀረው ሥጋ ሲሟሟ ሁሉም በወንፊት ይጠለላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ካሮትና የተከተፈ ዓሣ የሚገባው በተጠለለው ላይ ነው፤ ቃሪያው ከሁሉ በኋላ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል። «አጥንቱን የሚጥል ሰው የዓሣውን ግማሽ ለአባ ኮዳ ሰጠ ማለት ነው» አሉኝ። ሐይቁ ዳር ተሰልፈው ፍርፋሪ የሚጠብቁትን እነዚያን ረጃጅም ወፎች ያየ ሰው ነገራቸው ይገባዋል።

የሴጌድ ሰዎችም ሃላስሌ የሚሉትን የዓሣ ሾርባቸውን የሚሠሩት በዚሁ ስልት ነው። ትናንሽ ዓሣና ጭንቅላት ከሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ ይጠለላል፤ ከዚያ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ቁራጭና ብዙ የፓፕሪካ ዱቄት ይገባበታል። (የእኛ ሐይቅ ዓሣ ቢልጫ የካርፕ ዘመድ ነው፤ በዚህ ቤት ግን ለሾርባ ቆሮሶ ብቻ ነው የሚያምኑት።) ፓፕሪካ ከበርበሬያችን ጋር የአንድ ተክል ልጅ ሆኖ ሳለ አብዛኛው አያቃጥልም፤ የሚያስፈራው ቀለሙ ነው። በሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አልበርት ሴንት ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከዚሁ ተክል ፍሬ ሲሆን፣ በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የከተማው ሰው ይህን ለእንግዳ ሳይናገር አያድርም። ከሴጌድ በስተምዕራብ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለችው ባያ ከተማ ደግሞ አትጠልልም፤ ከቀጭን ፓስታ ጋር ነው የምታቀርበው። ፓስታ የገባበት የዓሣ ሾርባ ለሴጌድ ሰው ነውር ነው።

ተማሪ ይህን ክርክር የሚከታተለው በአብዛኛው ከውጭ ሆኖ ነው። ስቲፔንዲዩም ሁንጋሪኩም የሚባለው የሃንጋሪ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድል ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በወር የሚቆርጠው 43,700 ፎሪንት ነው፤ ምግብ ቤት ገብቶ አንድ ሳህን ሃላስሌ ማዘዝ ደግሞ 4,000 ፎሪንት ገደማ ያስወጣል። ስለዚህ ምሳ ሜንዛ በሚሉት የተማሪዎች ምግብ ቤት ነው፦ የበሬ ሥጋ፣ ድንችና ፓፕሪካ ያለበት ጉላሽ፣ ነጭ ዳቦ፣ ሰሃንን ራስ አንስቶ መመለስ። ራት በማደሪያው የጋራ ወጥ ቤት ነው፤ የእኔ ሽሮ፣ የቬትናሟ ጎረቤቴ ሩዝና የዮርዳኖሱ ልጅ ምስር አንዱን ምድጃ ይሻማሉ። ለኪሳችን የሚስማማው ዓሣ በካርቶን የታሸገ በረዶ ነው፤ ጭንቅላት የለው፣ አጥንት የለው፣ ሾርባ ሊወጣው አይችልም። በታኅሣሥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፤ ያን ጊዜ ሰው የሚያምረው ትኩስ ፈሳሽ ነው።

ለሽርሽር ግን አገሩ ቸር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ተማሪ በወር 1,890 ፎሪንት በሚገዛው የመላ አገር ካርድ በባቡርና በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይዞራል። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ባያ ድረስ የሄድነው በዚሁ ካርድ ነበር፤ ዓላማችን ባለ ፓስታውን ሾርባ መቅመስ ብቻ ነበር፤ አብራን የሄደችው የሴጌድ ልጅ ሳህኗን ጨርሳ «መጥፎ ነው» አለች። እንቁጣጣሽ በሚቃረብበት ሰሞን ደግሞ ቲሳ ዳር የዓሣ ፌስቲቫል ይደረጋል፤ አንድ ሳህን ገዝተን በማንኪያ እየተፈራረቅን እንበላለን። ከሁሉ የማልረሳው የገና ዋዜማን ነው። ታኅሣሥ ሃያ አራት በእነሱ አቆጣጠር ሱቅ ይዘጋል፣ ማደሪያው ባዶ ይሆናል፣ ሃንጋሪዎች ደግሞ በየቤታቸው ሃላስሌ ይበላሉ። የክፍል ጓደኛዬ አያት በብርጭቆ ዕቃ ሾርባ ላከችልኝ። የእኛ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ሙግት ለአንዲት የሃንጋሪ አሮጊት በምን ቋንቋ ላስረዳ?

እናቴ በዚህ ጉዳይ ሙግት የላትም፤ አትበላም። ወደ ሰማያዊው በር የሄድነው በፍልሰታ ስለነበር ለእሷ ሽሮ ታዘዘ። ሽሮው ቀጥኗል፣ እንጀራው ግን ጥሩ ነው። ዓሣ የማይበላ ጿሚ ይዛችሁ ከመጣችሁ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። ዓሣ የሚበላው ጿሚ ግን ቤቱን ሞልቶታል፤ በጾም ወራት እሑድ ቀን ከስድስት ሰዓት በኋላ መቀመጫ ማግኘት ከባድ ነው፣ ሾርባውም ያልቃል። ሲያልቅ በውኃ አያበዙትም፤ «አልቋል» ይላሉ። ይህን ብቻ ስላየሁ ሌላውን ሁሉ ይቅር ልላቸው ፈልጌ ነበር።

ይቅር የማይባል ነገር ግን አለ። ሙሉው ቆሮሶ ጥብስ በደንብ ተተልትሎ ይጠበሳል፤ ጠዋት ሲቀርብ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ዘይቱ ይደክምና ዓሣው ጠቁሮ፣ የጅራቱ ወገን ደርቆ ይመጣል። ቆሮሶውም ከልጅነቴ ይልቅ አንሶብኛል፤ ለአንድ ሰው አንድ ይበቃ የነበረው አሁን ሁለት ይጠይቃል። የዓሣ ጉላሹን ዝለሉት፤ ቲማቲሙ ይበዛል፣ ዓሣው ሾርባው ውስጥ ሲገባ ያለውን ጣዕም እዚህ ያጣዋል። ታናሽ ወንድሜ ጥሬውን ዓሣ በዳጣ አዞ ሲጨርስ አልተናገረም፤ እኔ ጥሬ ዓሣ ስለማልበላ ፍርዱን ለእሱ እተዋለሁ። ዳጣውን ግን ቀምሼዋለሁ፤ ጥቂቱን ሾርባው ላይ ጠብ አድርጉ። ለፓፕሪካ የተላመደ አፍ መጀመሪያ ይደነግጣል።

አጎቴ ሁለተኛ ኩባያ ሳዝዝ አይቶ «ከውጭ አገር መጥተሽ የምትጠግቢው በሾርባ ነው?» አለኝ። ጥብሱን ወደ እኔ እየገፋ፣ እኔም ወደ ወንድሜ እየገፋሁ ቆየን። ሒሳቡን ለመክፈል እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ ደግሞ ተቆጣ፤ «ተማሪ አይከፍልም» ብሎ አስተናጋጇ የእኔን ገንዘብ እንዳትቀበል አስጠነቀቃት። ሴጌድ ውስጥ አራት ተማሪ አንድ ላይ ከበላ አስተናጋጁ ራሱ በየግል ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ሳንቲሙን ቆጥሮ ያወጣል፣ ቅር የሚሰኝም የለም። ለኪሴ የሚስማማው ያኛው ነው፤ ያን ቀን ግን ከአጎቴ ጋር ለመጣላት ጉልበቱ አልነበረኝም። የሾርባው ዋጋ በማንኛውም ሚዛን ትንሽ ነው፤ ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዳቦ ጨምሮ ምሳ ይሆነዋል፤ አጠገባችን የነበሩት ተማሪዎችም ይህንኑ ነው ያደረጉት።

አስተናጋጇ ፈጣን ናት፤ ወጥ ቤቱ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ጥብስ ካዘዛችሁ ሾርባውን ቀድማችሁ ጠይቁ። የእጅ መታጠቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ሳሙናም ብዙ ጊዜ የለውም፤ ዓሣ በእጅ በሚበላበት ቤት ይህ ይቅር አይባልም። ሎሚ ካልጠየቃችሁ አይመጣም። ከተቻለ በሥራ ቀን፣ ከአምስት ሰዓት በፊት ሂዱ፤ ጀልባዎቹ የጠዋቱን ዓሣ አውርደው ጨርሰዋል፣ ድስቱም ገና አልተነካም።