ለሱማሌ ተራው የቶርኖ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን መሣሪያ መሥራት ጀምሯል! ከመምህራኖቻችን ቀጥሎ የማመሰግነው ሰው ሱማሌ ተራ ነው ያሉት። ጋሼ ፌስቡክ አይጠቀሙም፤ ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም።

መሣሪያው ፕሮብ ስቴሽን ይባላል። በዓይን የማይለዩ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን፣ ዳዮዶችንና ትራንዚስተሮችን፣ በቀጫጭን የተንግስተን መርፌ ነክቶ፣ በስንት ቮልት ስንት ከረንት እንደሚያሳልፉ መለኪያ ነው። መርፌው የሚያርፍበት ቦታ ስፋቱ 100 ማይክሮሜትር (0.1 ሚሊሜትር)፣ የፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ከውጭ ማስመጣት ለተማሪ ኪስ የሚታሰብ አይደለም። ማይክሮስኮፕ ከላብራቶሪ ተውሰን ሌላውን ራሳችን ለመሥራት ተነሳን።

ጣጣው መርፌውን ማንቀሳቀስ ላይ መጣ። ተራ ኤም 3 (የ3 ሚሊሜትር) ብሎን በአንድ ዙር 500 ማይክሮሜትር ይሄዳል። ትንሽ ነካ ሲያደርጉት አልፎ ይሄዳል። ወደኋላ ሲመልሱት ደግሞ በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት እስኪያልቅ መርፌው ንቅንቅ አይልም። አንድ ቶርኖ ቤት ስዕሉን አይተው «ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው» ብለው መለሱን።

ጋሼ ግን መጀመሪያ የጠየቁን «ለምንድነው የሚሆነው?» ብለው ነው። አስረዳናቸው። ከመሳቢያቸው ፍሬሙ የተጣመመ አሮጌ ማይክሮሜትር (በብሎን የሚሠራ የውፍረት መለኪያ) አወጡና «ታዲያ ይሄ እያለ አዲስ ብሎን ለምን እንቆርጣለን?» አሉን። ፍሬሙን ቆርጠው ጣሉ። የሚዞረውን ጭንቅላቱን የናስ ማቀፊያ ውስጥ ከተው፣ ከፊቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚገፋ ሞላ አደረጉለት። አሁን ጭንቅላቱ ላይ ካሉት መስመሮች አንዷ 10 ማይክሮሜትር ናት። ወዲያ ወዲህ ማለት ቀረ።

የመርፌውን መያዣ ከረንት የማያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ቴፍሎን ላይ እንዲያስሩልንም ጠየቅናቸው። የምንለካው ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነ የጣት ላብ እንኳ መንገድ ከፍቶ ያፈሰዋል ስንላቸው ሳቁብን። ሲያስረክቡን ግን ቴፍሎኑን በአልኮል ጠርገው በንጹህ ወረቀት ጠቅልለውት ነበር። በማይክሮስኮፕ ስናይ መርፌው ዳዮዱን ሲነካ ጫፉ ትንሽ ወደፊት ሸርተት አለ። መንካቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። (መሣሪያውን የከተትንበትን ሳጥን ያጠቆርነው ለውበት እንዳይመስላችሁ፤ ብርሃን ራሱ ዳዮዱ ላይ ከረንት ይፈጥራል።)

ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው፣ ቀድመውም ይናገራሉ። ለሚቸኩል ሰው ግን አልመክርም፤ ሰኞ ያሉት ሐሙስ ሊሆን ይችላል። ስዕል በሚሊሜትር ሠርታችሁ ሂዱ። ስልካቸውን አደባባይ ላይ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።