ኔትዎርክኤክስ፦ እርስ በርሱ የተሳሰረ ቡድን ለሚፈልግ ሰው

የምሠራው በገንዘብ ዝውውር መረጃ ላይ ነው። ማን ለማን ላከ የሚለውን ሳይ ቶሎ ማወቅ የምፈልገው ነገር አለ፦ ሁሉም ከሁሉም ጋር የተገናኘበት ትልቁ ቡድን የቱ ነው? ባለሙያዎች ክሊክ ይሉታል። ለዚህ መጀመሪያ የምከፍተው ኔትዎርክኤክስ የተባለውን ላይብረሪ ነው፤ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ማለት ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

አብሮት የሚመጣውን የካራቴ ክለብ መረጃ ሞክሩት። ዌይን ዛካሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ነው፤ 34 አባላትና 78 ግንኙነቶች አሉት። «ፋይንድ ክሊክስ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡት ከሚያወጣቸው ቡድኖች ትልልቆቹ ሁለት ናቸው፣ አምስት አምስት ሰው ያላቸው። አባል 0፣ 1፣ 2 እና 3 ሁለቱም ውስጥ አሉ። አምስተኛው በአንዱ 7፣ በሌላው 13 ነው። 7 እና 13 ስላልተገናኙ ብቻ ስድስቱ አንድ ቡድን አልሆኑም። ክሊክ እንዲህ ጥብቅ ነው፤ ለኔ ሥራ የምወድለትም ይህንኑ ነው።

ከጀርባ ያለው ብሮንና ከርቦሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ዘዴ ነው፤ በኋላ እነ ቶሚታ አሻሽለውታል። ዘዴው ጎበዝ ቢሆንም ጥያቄው በራሱ ከባድ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ካርፕ እ.ኤ.አ. በ1972 ከዘረዘራቸው 21 አስቸጋሪ ጥያቄዎች አንዱ ነው። በዚያ ላይ ላይብረሪው የተጻፈው በፓይተን ስለሆነ መረጃው ሲገዝፍ ይጎተታል።

ስለዚህ መጀመሪያ አበጥሩ። «ኬ ኮር» የሚባለው ትእዛዝ ለዚህ ግሩም ነው። አምስት ሰው ያለበት ክሊክ ውስጥ ለመግባት ቢያንስ አራት ግንኙነት ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ያለው ይወጣል፤ በሱ መውጣት ከአራት በታች የወረደም ይከተለዋል። የካራቴው ክለብ ከ34 ሰው ወደ 10 ይወርዳል፣ ሁለቱ ቡድኖች ግን ሳይነኩ ይቀራሉ። ማበጠሩ በትልቅ መረጃም ላይ ፈጣን ነው።

እዚህም እዚያም ግንኙነት ቢጎድል ግድ ከሌላችሁ «ሉቫን» አለላችሁ፤ በውስጣቸው ብዙ ግንኙነት ያላቸውን ቡድኖች የሚለይ ዘዴ ነው። «ሲድ» የሚለውን፣ የዕጣ አወጣጡን መነሻ የሚወስን ቁጥር ስጡት፤ አለዚያ ውጤቱ በየጊዜው ሊለያይ ይችላል። ሉቫን አንዳንዴ እርስ በርስ ጭራሽ የማይደራረሱ ሰዎችን አንድ ቡድን ውስጥ ይከታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ላይደን የተባለ ዘዴ ይህን አስተካክሏል፤ ለሱ አይግራፍ የተባለውን ሌላ ላይብረሪ ጫኑ። የአይግራፍ መሠረት ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለተጻፈ በጣም ይፈጥናል። ሚሊዮን ግንኙነት ያለው መረጃ ሲመጣ እኔም ቀጥታ ወደዚያው ነኝ።