አጥቂው ወይስ የአጋሮው ተከላካይ? ለክረምቱ ውድድር ማንን እንውሰድ

ከግንቦት ወዲህ እዚህ ጅማ፣ መንደራ ሰፈር በኩል ባለፍኩ ቁጥር የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። ቡና የሚጠጣውም፣ ባጃጅ የሚነዳውም፣ ሱቅ የሚዘጋውም “እሺ፣ ማንን ልትወስዱ ነው?” ይለኛል። የሰፈራችን ቡድን ለክረምቱ ውድድር አንድ ቦታ ቀርቶታል፤ ለዚያች ቦታ ሁለት ልጆች ቀርበዋል። አንደኛው በደላላ በኩል የመጣ፣ ስልክ ለስልክ ቪዲዮው የዞረ የመስመር አጥቂ ነው። ሁለተኛው ከአጋሮ እየተመላለሰ ከእኛ ጋር ልምምድ የሚሠራ የ17 ዓመት የመሀል ተከላካይ ነው። የሌላ ሰፈር ቡድን የምትመሩ ወንድሞቼም ተመሳሳይ ነገር ስለምትጠይቁኝ፣ አንድ በአንድ ከማስረዳ የማውቀውን ሁሉ ልጻፈው ብያለሁ። እኔ ከጅምሩ የተከላካዩ ወገን ነኝ፤ አልደብቅም።

ከሒሳቡ ልነሳ። አጥቂው ለፊርማ 45 ሺህ ብር ተጠይቆበታል። ደላላው ለራሱ 10 ሺህ ይላል። የወር 5 ሺህ ለአራት ወር ሲታሰብ 20 ሺህ ነው። ድምሩ 75 ሺህ ብር። ሣጥናችን ውስጥ ያለው 96 ሺህ ነው፤ እሱም መቶ መቶ ብር ከባጃጅ ሾፌሮች፣ ከሱቅ፣ ከቡና ነጋዴዎች፣ ከዕቁባቸው ቀንሰው ከሰጡን እናቶች የተለቀመ። አጥቂውን ከወሰድን ለቀሩት 20 ልጆች፣ ለማልያ፣ ለዳኛ፣ ለውሃና ለወጌሻ የሚተርፈን 21 ሺህ ብር ብቻ ነው።

ተከላካዩ የፊርማ ገንዘብ አልጠየቀም። ወጪው ይህ ነው፦ ታኬታ 2,800፤ የአጋሮ ደርሶ መልስ 200 ብር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ16 ሳምንት 9,600፤ ልምምድ ባለበት ቀን ምሳ 150 ብር፣ እሱም 7,200፤ ለደብተርና ለትምህርት ቤት መመዝገቢያ 1,500። በጠቅላላው 21,100 ብር። ልዩነቱ 53,900 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ መላው ቡድን ክረምቱን ጠግቦ ይጫወታል።

ታኬታውን 2,800 ያልኩት ሰልባጅ ስለሆነ ነው። “አዲሱ በ1,200 ይገኛል” የምትሉኝ አላችሁ። ዓምና ለአምስት ልጆች ያንን አዲስ ገዝተን ነበር። ሦስተኛው ልምምድ ላይ የአንደኛው ሶል አፉን ከፈተ፤ በሳምንቱ የሦስቱ ተላቀቀ። ጫማ ሰፊ በመቶ ሃምሳ ብር ሰፋልን፣ ጭቃው መልሶ ገነጠለው፣ እንደገና 150። አንዱ ልጅ ሶሉ በገመድ ታስሮ ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ ለወጌሻ ስድስት ጊዜ 300 ከፈልን። በ1,200 የተገዛው ታኬታ 3,300 ወጣበት ማለት ነው፤ ለዚያውም የተረፈን ነገር የለም። የጅማ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ውሎ የሚያድር፣ ሜዳው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥም ነው። ሰልባጁ ያረጀ ቢመስልም ስፌቱ ጥብቅ ነው፣ ጥርሱ አይወልቅም። ሶሉን በሁለት እጃችሁ አጥፋችሁ እዩት፤ ከጣቶቹ በታች መታጠፍ አለበት። መሀሉ ላይ ከታጠፈ ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔው ራሴ ቪዲዮ አይቼ አጥቂ አስመጥቻለሁ። 38 ሺህ ብር ከፈልን። ሦስት ጨዋታ ተጫወተ፤ በአራተኛው ልምምድ ማንም ሳይነካው ሲዞር ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው፤ እንጨት የተሰበረ ነበር የመሰለኝ። ኋላ ስንሰማ ያው ጉልበት አስቀድሞም ተጎድቶ ኖሯል። ያመጣው ሰው ስልኩን አላነሳ አለ። ልጁን ወደ ሀገሩ አሳፍረን የላክነው እኛ ነን፤ የመድኃኒቱንም እኛ። የተሸጠ ዕቃ ሆኖ መጥቶ እንደተበላሸ ዕቃ ሲመለስ ማየት ከገንዘቡ በላይ ያማል። ያን ቀን ነው እንዲህ ያለ ግዢ በቃኝ ያልኩት።

ቪዲዮውን በኋላ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ዘጠኝ ጎል ነበረው። ከጎሉ ጀርባ ግን አንድ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ ክዳን የለውም፣ አንገቱ ላይ ቀይ ገመድ ታስሮበታል። ያ ጀሪካን “የተለያዩ ሦስት ጨዋታዎች” ላይ እዚያው ቦታ ተቀምጧል። ሁለቱ ጎሎች ደግሞ አንድ ናቸው፤ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ የተቀረጸ። የዘንድሮው አጥቂ ቪዲዮ የሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ድሪብሉ ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ኳስ ሲነጠቅ ምን እንደሚያደርግ አንድም ቦታ አይታይም። ስለዚህ ያልተቆራረጠ አንድ ሙሉ ግማሽ ይላኩልን ብዬ ጠየቅሁ። እስካሁን አልመጣም።

ዕድሜ ሌላው ጣጣ ነው። አጥቂው 19 ነኝ ይላል። ያሳየን ሁለት ወረቀት ግን በልደት ዓመት አይገናኝም፤ አንዱ 1998 ሌላው 1993 ይላል። አምስት ዓመት የጸሐፊ ስህተት አይደለም። ይህ በእኛ ብቻ የመጣ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ ፊፋ ራሱ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ ኤምአርአይ በሚባል የሕክምና መሣሪያ ማየት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። የአንጓው አጥንት ማደጊያ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ባለቤቱ ከ17 በታች የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። እኛ ኤምአርአይ የምናስነሳበት ገንዘብ የለንም፤ ስለዚህ ወረቀት ከወረቀት እናስተያያለን፣ ወላጅ ጋ እንሄዳለን።

የተከላካዩ ቤት አጋሮ ሄጃለሁ። እናቱ ቡና አቅርበው፣ ከቁም ሣጥን ላይ በፌስታል የተጠቀለለ የክትባት ካርድ አወጡ። ጠርዙ በልቷል፤ የጤና ጣቢያው ማኅተም ግን ይነበባል። ከትምህርት ቤት ካርዱና ከመታወቂያው ጋር አስተያየሁት፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። “ወንድሜ፣ ትምህርቱን እንዳታስጥለው እንጂ ሌላ የምጠይቅህ የለኝም” አሉኝ። “እሺ እናቴ” ብዬ ቃል ገብቼ ወጣሁ። ከወጪው ውስጥ ያ 1,500 ብር የገባው ለዚህ ነው፤ ማንም እንዲቀንሰው አልፈቅድም።

ጉልበትን በተመለከተ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ልጁን በአንድ እግሩ ቁጭ ብድግ አስደርጉት፣ ከዚያ በሌላው። በአንድ እግር ሦስት ጊዜ አስዘልሉትና የደረሰበትን ለኩ፤ ሁለቱ እግሮች ሊቀራረቡ ይገባል። ከዚያ ከጉልበት ሎሚው በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጋችሁ የጭኑን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። እኔ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሜትሩን ተውሼ በረንዳው ላይ ሁለቱንም ለካሁ። ተከላካዩ ግራ ቀኙ እኩል ነው። የአጥቂው ቀኝ ጭን ከግራው በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያንሳል። ምን ሆኖ ነበር ስለው “ምንም አልሆንኩም ጋሼ” አለኝ፤ ዓይኑን ግን ሰበረ። ጡንቻ ያለ ምክንያት አይከሳም። የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ከተሠራ በኋላ ወደ ሜዳ ለመመለስ ዘጠኝ ወር ገደማ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የተመለሰ ደግሞ መልሶ የመበጠሱ አደጋ ከፍ ይላል። ልጁ ቸግሮት ዝም ብሎ እንደሆነ ይገባኛል፤ አልፈረድኩበትም። 45 ሺህ ብር ግን አልከፍልበትም።

“ጅማ የሚያውቀው አጥቂ ነው” የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፣ የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ የሁሉም ሰው አፍ ላይ የነበረው አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢ ነው፤ 23 ጎል አግብቷል፣ እኔም ስታዲየም ሆኜ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኬለታለሁ። ግን አንድ ነገር አስታውሱ። ዋንጫው የመጣው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆነን በጎል ክፍያ ነው። በጎል ክፍያ የሚወሰን ዋንጫ ላይ ያልገባብህ ጎል ካገባኸው እኩል ይቆጠራል። የተከላካዮቹንና የበረኛውን ስም የሚጠራ ሰው ግን ስንት አለ? በ2014 ደግሞ ከሊጉ ስንወርድ ያለቀስነው እነዚሁ ሰዎች ነን።

የአክስቴ ልጅ ኦታዋ፣ ካናዳ ነው የሚኖረው። በስልክ ስለዚህ ጉዳይ ሳወራው “እናንተም እንደኛ ከተማ ልትሳሳቱ ነው?” አለና የበረዶ ሆኪን ነገር አጫወተኝ። እዚያ ድራፍት የሚባል አለ፤ ክለቦቹ በየዓመቱ 18 ዓመት የሞላቸውን ልጆች ተራ በተራ ይመርጣሉ፣ ደካማው ቡድን ቅድሚያ እንዲያገኝ ታስቦ። እ.ኤ.አ. በ1993 (ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) የመጀመሪያው ተራ የኦታዋ ነበር። የመረጡት አሌክሳንደር ዴግል የሚባል አጥቂ ነው፤ ለአምስት ዓመት 12.25 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙለት። አንድም የሊግ ጨዋታ ላልተጫወተ ልጅ ማለት ነው። በሁለተኛው ተራ ሃርትፎርድ የሚባለው ክለብ ክሪስ ፕሮንገር የተባለ ተከላካይ ወሰደ። ዴግል የተጠበቀውን ሳይሆን ቀረ፤ በ1998 ኦታዋ አሳልፎ ሰጠው። የእሱ ውል ከፈጠረው ድንጋጤ በኋላ ሊጉ በ1995 ለአዲስ ገቢዎች የደመወዝ ጣሪያ አበጀ። ፕሮንገር በ2000 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፣ በ2007 ዋንጫ አነሳ፣ በ2015 በስፖርቱ የክብር መዝገብ ገባ።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ሌላው ነው። ሃርትፎርድ ያን ተከላካይ ሁለት ዓመት ብቻ ይዞ፣ በ1995 ለሌላ ክለብ ሰጠው። ፍሬውን ሌላ በላው። መምረጡን አውቀዋል፣ መጠበቁን ግን አላወቁበትም። ተከላካይ ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ የእኛም ልጅ ዘንድሮ ይሳሳታል፣ ጎል ያስገባብናል። ሁለት ጨዋታ ተሸነፍን ብላችሁ ወንበር ላይ ልታስቀምጡት ከሆነ አሁኑኑ ንገሩኝ፤ እናቱ ፊት የሰጠሁትን ቃል አላበላሽም።

ለአጥቂው የሚገባውን ልስጠው። ፈጣን ነው፣ ሁለቱንም እግሩን ይጠቀማል፣ ሕዝብ ይጠራል። ገንዘቡ ሞልቶ የተረፋችሁ፣ ተከላካይ ክፍላችሁ የቆመ፣ ሐኪም የምታስመረምሩበት አቅም ያላችሁ ቡድኖች ካላችሁ እዩት። ፊርማውን ግን በሁለት ክፈሉ፤ ግማሹን ሲፈርም፣ ግማሹን ስድስተኛው ጨዋታ ላይ። ለደላላው ደግሞ ልጁ ሜዳ ሳይገባ አምስት ሳንቲም አትስጡ።

ተከላካዩን ግን በቪዲዮ አይደለም ያየሁት። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ግማሹ ልጅ ዛፍ ስር ሲጠለል እሱ ልምምዱን አላቋረጠም። ማዕዘን ምት መጣ፤ ኳሷ ጭቃ ጠጥታ ከብዳለች። ሁለት ትልልቅ ልጆች መሀል ዘሎ በቴስታ አወጣት። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ፊቱን በማልያው ጠረገና መጀመሪያ ያደረገው እጁን ዘርግቶ የቀኝ ተመላላሹን ወደ ቦታው መመለስ ነበር። በ17 ዓመቱ ሰው ያስተካክላል። ይህን ልምምድ አያስተምርም፣ ደላላም አይሸጠውም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ በተለይ በፌዴሬሽን ለተመዘገባችሁ ክለቦች። ልጁን ስትወስዱ ቴሴራውን (የተጫዋችነት መታወቂያውን)፣ የምዝገባ ቅጹንና የገባበትን ቀን አስቀምጡ፣ ፎቶ ኮፒ አድርጉ። በፊፋ ደንብ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ውጭ ሀገር ክለብ ሲዘዋወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው እያንዳንዱ ዓመት ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ግማሽ በመቶ። ሁለት ዓመት ይዘነው ነገ ዝውውሩ 100 ሺህ ዶላር ቢሆን የእኛ ድርሻ አንድ ሺህ ዶላር ነው። ወረቀት የሌለው ክለብ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ኮሚቴው ረቡዕ ማታ ይሰበሰባል። ድምፄ ለተከላካዩ ነው። ሰልባጅ ተራ የምትወጡ ወንድሞች፣ 42 ቁጥር፣ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ካያችሁ ያዙልኝ። ከ2,800 በላይ ካሏችሁ ግን መጀመሪያ ደውሉልኝ።