ለትልቅ ልደት አንድ ሌሊት በባሕር ዳር፦ የትኛው ሆቴል፣ የትኛው ክፍል?

ባሕር ዳር ላይ ለሃምሳኛ ወይም ለስልሳኛ ዓመት ልደት ክፍል የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለ ስንት ኮከብ ነው?» ብሎ ነው። ለአንድ ሌሊት ግን ኮከብ ብዙ አይረዳም። ኮከብ ሲሰጥ የሚታየው ሊፍቱ፣ የክፍሉ ስፋት፣ የአገልግሎቱ ዓይነት ነው፤ ከአልጋው ላይ ጣና ይታይ አይታይ ማንም አይቆጥረውም። እዚህ ከተማ ድረስ የሚመጣው ደግሞ ለጣና ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ በጣም ጥሩ የሚባለው ክፍልና የሚያስከፋው ክፍል ልዩነት፣ በሁለት ሆቴሎች መካከል ካለው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

ምርጫው በአጭሩ ይህን ይመስላል። እንደ ኩሪፍቱ ያሉት ሪዞርቶች በሐይቁ ዳር በሰፊ ግቢ የተዘረጉ፣ በድንጋይና በእንጨት የተሠሩ፣ መዋኛና ስፓ ያላቸው ናቸው። ለባልና ሚስት፣ ወይም ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ከእነዚህ የሚሻል የለም። ከክፍል ወደ ምግብ ቤት በእግር መሄድ ስላለ ግን ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይቸገራል። እንደ አቫንቲ ብሉ ናይል ያሉት ሐይቅ ዳር የቆሙ ፎቅ ሆቴሎች ከላይኛው ወለል ሰፊ እይታ ይሰጣሉ። እናትን ወይም አባትን ለስልሳ ዓመት ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ እኛ የምንመርጠው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ሊፍት መኖሩንና መሥራቱን አረጋግጡ እንጂ። ከተማው መሀል ያሉት ሆቴሎች ለስብሰባና ለሥልጠና ጥሩ ናቸው፤ ለልደት ሌሊት አንመክራቸውም።

አሁን ወደ ክፍሉ። ከተማው የተቀመጠው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነ ሐይቅ የሚያይ ክፍል ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የከሰዓት ፀሐይ ክፍሉን አያግለውም፣ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ስትጠልቅ በመስኮቱ ፊት ለፊት ሳይሆን በግራ በኩል ነው የምትሄደው። በረንዳው ግራና ቀኙ በግድግዳ የተዘጋ ከሆነ ቀዩን ሰማይ እንጂ ፀሐይዋን አታዩም። በሕንፃው ምዕራብ ጠርዝ ያለው የመጨረሻው ክፍል ከተገኘ እሱን ያዙ። ፀሐይ የምትጠልቀው በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን በሰኔ ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች።

«ሌክ ቪው» የሚለውን ቃል እንዳለ አትመኑት። በአንዳንድ ቦታ ትርጉሙ «በረንዳ ላይ ወጥታችሁ አንገታችሁን ብታዞሩ ይታያል» ነው። ምድር ቤት ያሉ ክፍሎችን ደግሞ አጥሩ፣ ደንገሉና ትልልቁ ዛፍ ይጋርዷቸዋል። ቀላሉ መፍትሔ ሪሴፕሽኑን በቴሌግራም ቪዲዮ መጠየቅ ነው፤ አልጋው ላይ ተቀምጠው ወደ መስኮቱ እያዞሩ፣ የበሩ ቁጥር እየታየ። ከዚያ ያንን ቁጥር በጽሑፍ አስይዙ። «ስትመጡ እናያለን» ከተባለ ክፍሉ ገና አልተያዘም ማለት ነው።

ቀኑ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከሁሉም ይብሳል። የሆቴሎቹ ኮምፒውተር የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ኅዳር 12ን «12/3» ብላችሁ ብትልኩ ማርች 12 ተብሎ ሊያዝ ይችላል። ለምሳሌ «ኅዳር 12፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 21፣ ዓርብ» እያላችሁ የሳምንቱን ቀን ጭምር ጻፉ፤ ከሦስቱ አንዱ ካልገጠመ ስሕተቱ ያኔውኑ ይያዛል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በማረጋገጫው ላይ «2:00» የሚለው የመግቢያ ሰዓት በእኛ 8 ሰዓት ነው። ለእራት «7 ሰዓት» ካላችሁ ጠረጴዛው ለምሳ ሊዘጋጅ ይችላል፤ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» በሉ።

ዋጋ ሲነገራችሁ «ፕላስ ፕላስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «አለው» ከተባለ 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመርና በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። 12,000 ብር የተባለ ክፍል በሰርቪስ 13,200፣ በቫት 15,180 ይሆናል። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካለ ዋጋው በዶላር ሊነገረው ስለሚችል አስቀድሞ ይጠየቅ። ቅድመ ክፍያ በሆቴሉ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ እንጂ በሠራተኛ ስም ወዳለ ስልክ አይላክ።

የገላ ገንዳ ያለው ክፍል ከወሰዳችሁ ቦይለሩን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የልደቱ ምሽት ስሜት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አንድ መደበኛ ገንዳ በደንብ ሲሞላ 150 ሊትር ያህል ይይዛል። 50 ሊትር ቦይለር 60 ዲግሪ ደርሶ 20 ዲግሪ ከሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው 40 ዲግሪ የሆነ 100 ሊትር ገደማ ነው፤ ገንዳው ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። 80 ሊትሩ ግን ወደ 160 ስለሚሰጥ ይበቃል። መጠኑ ቦይለሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። 50 ሊትሩ በ1.5 ኪሎ ዋት ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈልግ፣ ሻንጣ እንዳስቀመጣችሁ ማብሪያውን ተጫኑ። ማብሪያው ብዙ ጊዜ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ያለው፣ ቀይ መብራት ያለው ትልቁ ነው። ጽዳት ሲገባ ስለሚጠፋ «በርቷል» ብላችሁ አትገምቱ።

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር መኖሩን ሁሉም ይነግራችኋል። መጠየቅ ያለበት ጄኔሬተሩ የሚሸከመውን ነው፦ ሊፍቱን፣ ቦይለሩን፣ ኤሲውን ይሸከማል? ወይስ ኮሪደሩንና አምፖሉን ብቻ? ቦታውንም ጠይቁ፤ ከጄኔሬተሩ በላይ ያለ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የለም።

ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ በጥር፣ የሰርግ ወቅት ስለሆነ አዳራሹ ተይዞ እንደሆነ አረጋግጡ። የስፒከሩን ድምፅ ግድግዳ አይከለክለውም። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ወደ ጎንደር የሚያልፈው እንግዳ ስለሚበዛ ክፍል ቀደም ብሎ ይያዝ።

እራቱን እዚያው በምታድሩበት ግቢ አድርጉት። የምሽት እንቅስቃሴ ገደብ ሲኖር ባጃጅም ታክሲም ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ሌላ ቦታ በልቶ መመለስ ምሽቱን ጭንቀት ያደርገዋል። ትኩስ ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ እንዲቀርብ ከፈለጋችሁ ጠዋት እዘዙ፤ ማታ ድንገት ሲታዘዝ ከበረዶ የወጣ ሊመጣ ይችላል፣ ሥጋውም ውኃ ይለቅና ይፈራርሳል። ልደቱ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በጾም ወቅት ከዋለ የጾም ኬክ ከሁለት ቀን በፊት ይታዘዝ። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ ባለልደቷን ወይም ባለልደቱን ሳይጠይቁ ምግቡን መወሰን አይገባም። ከውጭ ኬክ ወይም መጠጥ ማስገባት የሚያስከፍል ከሆነም ቀድሞ ይታወቅ።

ሐይቁ ዳር ጠረጴዛ ማስዘርጋት ያምራል፤ ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። አንዱ ነፋስ ነው። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል። ስልሳ ሻማ ውጭ ለመለኮስ የሞከረ ሰው ሃያኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ጠፍተው ያገኛቸዋል። «6» እና «0» የሚሉትን ሁለት የቁጥር ሻማዎች ተጠቀሙ፣ ኬኩንም ውስጥ ቁረጡና ከዚያ ወደ ውጭ ውጡ። ሁለተኛው ትንኝ ነው። ባሕር ዳር ወባ አለ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። እጅጌው ረጅም ልብስ ይያዝ፣ መብራቱ ከጠረጴዛው በላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ይሰቀል፣ አልጋው ላይ ያለው አጎበር ቀዳዳ እንደሌለው ገና በብርሃን ይታይ።

ጀልባ ካሰባችሁ ለማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ያዙ። ገዳማት ያሉበት የዘጌ ልሳነ ምድር በሞተር ጀልባ 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ እዚያ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ለመድረስ ደግሞ ከወደቡ በቡናው ጫካ ውስጥ ድንጋያማ አቀበት አለ። ባለልደቷ ሴት ከሆነች የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ሴቶች ስለማይገቡበት ከጉዞው ይውጣ፤ አጠገቡ ያለው የእንጦስ ኢየሱስ ገዳም ይተካዋል። ረጅም መንገድ ለማይችል ዓባይ ከሐይቁ እስከሚወጣበትና እስከ ደብረ ማርያም ያለው አጭር ጉዞ ይበቃል፣ ዕድል ካለ ጉማሬም ይታያል። የሕይወት አድን ጃኬቱ በሰው ቁጥር ልክ መሆኑን ጀልባው ሳይነሳ ቁጠሩ።

መውጫ ሰዓቱ ብዙ ቦታ ቀን 6 ሰዓት ነው። ከዘጌ ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ ቡና ጠጥቶ ለመውጣት አይበቃም። ሌሊቱን ስትይዙ በዚያው እስከ 9 ሰዓት እንዲራዘምላችሁ ጠይቁ፤ በማግስቱ ክፍሉ ካልተያዘ ብዙዎቹ በነጻ ወይም በግማሽ ዋጋ ይፈቅዳሉ፣ በመውጫው ጠዋት ስትጠይቁ ግን ክፍሉ ቀድሞ ለሌላ እንግዳ ተሰጥቶ ይቆያችኋል።